የፋብሪካ አባት

ገና የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከአንኮበር ቁልቁል በምትገኘው መንደራችን ከእናቴ አባት ጋር ነበር የምኖረው። አባባ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ ያሾላል፣ ማጭድ ይስላል፣ የተሰበረ መጥረቢያ ያድሳል። ሥራ ቤቱ ጥላሸት ያጠቆራት ጎጆ ነበረች። ያኔ ማረሻ ይዞ የመጣ ሁሉ ተራው እስኪደርስ ወናፍ ይነፋ ነበር፤ ደንቡ ነው። ፍሙ ይቀላል፣ ይደበዝዛል፣ እንደገና ይቀላል፤ ተረቱም አብሮት ይሞቃል። ሲመሽ ግን እህል ቅመሱ ሲባሉ ሁሉም «ጾም ነኝ» ይላሉ። በፍስክም ቢሆን።

እኛ ቤት የሚበሉት ጋሽ ኃይሉ ብቻ ነበሩ። ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ መካኒክ ሆነው ኖረው፣ አርጅተው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው።

ትምህርት ቤት ልጆቹ «አያትሽ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል አሉ፤ አንቺንስ ጭኖሽ ያውቃል?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አንድ ቀን መረረኝና «እሱ አያቴ አይደለም!» አልኩ። «ቤት ያከራየን ሰውዬ ነው። የኔ አያት ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ነው የሚሠራው።»

ወሬው ውሎ አላደረም። ማጭድ ልታስል የመጣች ሴት እየሳቀች ለአባባ ነገረችው። በማግስቱ ወላጅ ተጠርቶ ካርድ የሚሰጥበት ቀን ነበር።

«እኔ አልመጣም» አለኝ አባባ። «ያከራየሽ ሰው እዚያ ምን ይሠራል?»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ኃይሉ ወናፍ እየነፉ ሁሉንም ሰምተዋል። «ነይ እስቲ አንቺ፣ እጅሽ ሥራ አይፍታ» ብለው ወናፉን አስያዙኝና ከጎኔ ተቀመጡ። «ፋብሪካ የሚባለውን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?»

«ሰው አይደለም» አልኩ።

«ዝም ብለሽ ስሚ።»

ፋብሪካ ጥንት ሮም አገር፣ እንደኛዋ ካለች ጭሳም ቤት የተወለደ ቃል ነው አሉ። አባቱ «ፋበር» ይባላል፤ በላቲን ባለ እጅ፣ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው። ልጁ መጀመሪያ የአባቱ ሥራ ቤት መጠሪያ ሆነ። ሲያድግ አገር ለአገር ዞረ። ፈረንሳዮች ዘንድ ከመኖር ብዛት ስሙ ተሸራርፎ «ፎርዥ» ቢባልም ከፍሙ አልራቀም፤ እስከ ዛሬ የቀጥቃጭ ምድጃ ነው። ጀርመኖች ጋ ግን ሰማይ የሚነካ ጭስ ማውጫ አበቀለ፤ «ፋብሪክ» አሉት። ሩሲያም እስፓኝም አከበሩት። ጣሊያን ወደኛ ይዞት ሲመጣ ኮት ለብሶ፣ ደመወዝተኛ ሆኖ ነው። አባትህ ማን ነው ቢሉት አያስታውስም።

አባባ መዶሻውን አቆመ። «ይኸን ደግሞ ከየት አመጣኸው?»

«አብሮኝ ይሠራ የነበረ ጣሊያን ነግሮኝ ነዋ! ቀጥቃጩን ዛሬም ‹ፋብሮ› ነው የሚሉት። የጣሊያኑም አባት ፋብሮ ነበር፤ ሲያወራው ደረቱን ነፍቶ!»

«እነሱ አገር ጅብ የለም ማለት ነው» አለ አባባ፤ ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ወናፉ እጄ ላይ ከበደኝ። ጋሽ ኃይሉ ስሜን አላነሱም፤ ግን ያ ኮት ለባሽ እኔ እንደሆንኩ ገብቶኛል። «አባባ፣ ነገ ና» አልኩ። እንባዬ ቀድሞኝ ሌላውን መጨረስ አቃተኝ። አባባ የጋለውን ብረት ውኃ ውስጥ ነከረው።

ጠዋት ስነቃ እጁን በሎሚ ሲፈትግ አገኘሁት። የጥፍሩ ጥቁረት ግን አልለቀቀም።

ክፍል ውስጥ ልጆቹ ሁሉ ነበሩ። መምህሯ ካርዴን አንስታ «እርስዎ ለልጅቷ ምኗ ነዎት?» ብላ ጠየቀችው። አባባ አልመለሰም። ዞር ብሎ አየኝና ጠበቀ።

«አያቴ ነው» አልኩ፣ ሁሉም እየሰሙ። «ቀጥቃጭ ነው።»

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አላሳለፍኩትም። ዛሬ ደብረ ብርሃን ልጅ እያሳደግኩ ነው። ስልክ ሲኖረኝ ስለ ቃሉ ፈልጌ አነበብኩ፤ ጋሽ ኃይሉ አልዋሹም፤ ኮቱን ብቻ ነው ከራሳቸው ያለበሱት። ሁለቱም ዛሬ የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ለጋሽ ኃይሉ ምስጋናዬ ስለ ተረቱ ነው። ለአባባ ግን ስለዚያ ዝምታው ነው፤ ራሱ መናገር እየቻለ፣ መልሱን ለኔ ተወልኝ።