ለናሆም ያልመሰከርኩት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ስንቱን ዘርዝሬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ እየዘለልኩ ዓመታት አለፉ። አሁን ሸመገልኩ፤ ይዤው እንዳልሞት ፈራሁ።

ዲያቆን ናሆም ፓሳዴና ኮሌጅ እየተማረ፣ እዚህ በስደት አገር ተወልደው ላደጉ ልጆቻችን የሚሆኑ አገልጋዮችን ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ያሠለጥን ነበር። እኔ ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ በሰው ደጅ የእንግዳ መኪና ፓርክ እያደረግሁ ነው የኖርኩት። የሚላቸውን ግን ሰምቻለሁ። «እዚህ አገር ሰው እስኪመጣልን ቁጭ ብለን አንጠብቅም። ሄደን አብረን እንቀመጥ፤ መጀመሪያ እንስማው» ይላቸዋል። ይህንኑ ነው «ሚሽን» የሚለው። ልጄ ሰናይት ከሠልጣኞቹ አንዷ ነበረች። ስትጸልይ የሚሰማት መኖሩን እንደምትጠራጠር ለእኔ አልነገረችኝም፤ ለእሱ ነገረችው። ይህን ስሰማ ቀናሁበት።

አንድ ረቡዕ አመሻሽ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት በፌርፋክስ መንገድ ሳልፍ፣ ናሆም ከነሠልጣኞቹ ምግብ ቤት ደጅ ላይ ተቀምጧል፤ ቤተ ክርስቲያን ረግጠው ከማያውቁ ወጣቶች ጋር። ሰናይት ያን ቀን አልነበረችም። የወጣቶቹ ጥብስና ቢራ ጠረጴዛውን ሞልቶታል። ናሆም ፊት ያለው ሽሮ ነው። ከሥጋው አልነካም። እስኪጨርስ ከጀርባው ቆሜ አየሁ።

ናሆም በረቡዕ ጥብስ በላ የሚል ወሬ ተዛመተና ሰበካ ጉባኤው ጠራኝ።

«ጋሼ ተሰማ፣ እርስዎ አይተዋል አሉ። ጾም ገድፏል?» አለኝ ሰብሳቢው።

«ጥብስ የቀረበበት ማዕድ ላይ ነበር» አልኩ።

«አሃ፣ ሚሽን የሚሉት በረቡዕ ጥብስ ነው እንዴ?» አለ አንዱ። ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አዎ፣ እኔም።

ሽሮ ነበር ብል ምን ነበረበት? አልተሳሳትኩም፣ አልዘነጋሁም፤ አውቄ ዋጥኩት። አብረውት የነበሩት ሠልጣኞች ሽሮ ነው የበላው ቢሉ፣ ለመምህራቸው ያዳላሉ ተባለ። ናሆም ከአገልግሎት ታገደ፤ ሥልጠናው ተዘጋ። ሠልጣኞቹ እየተንጠባጠቡ ቀሩ። ሰናይትም ቀረች። ዛሬ በርባንክ ነው የምትኖረው፤ ልጆቿ ሳይጠመቁ አደጉ። ስለ እግዚአብሔር ላነሳ ስል «ኦኬ አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብላ ስልኩን ትዘጋለች። ማን ይድረስላት? የልቧን የሚሰማላትን ሰው ያባረርኩት እኔ። አሁን ናሆም ኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፤ አስተምር የሚለው የለም።

በቀደም መንገድ ላይ አየኝና ከመኪናው ወርዶ ጉልበቴን ሊስም አጎነበሰ።

«ጋሼ፣ በእኔ ነገር አይጨነቁ» አለኝ ክንዴን ይዞ። «በሐሰት መሰከሩብህ እያለ ሰው ሲያማዎት አልወድም። ጋሼ ከሩቅ ስለነበሩ ሳህኔን አላዩትም፣ ነው የምላቸው።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ» አልኩት። ይህን ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ለእኔ ሲሟገት ኖሯል ማለት ነው? እኔስ አሁንም ዝም?

ይቅርታ ለመጠየቅ አፍ የለኝም። ቅናት ነው፣ እርጅና ነው ብዬም አላመካኝም። ይህን የሚያነብ ሰው ካገኘው ግን ይንገረው፤ ፊቱን እያየሁ መናገር አልሆነልኝም። ሩቅ አልነበርኩም፣ ናሆም። ጠረጴዛህ አጠገብ ነበርኩ።