የሁሩታው የውሸት ተሳፋሪ

ከአዳማ ወደ ሁሩታ የእኔን ያህል የተሳፈረ ሰው ካለ ይውጣና ይናገር! ሺህ ጊዜ ተሳፍሬያለሁ፤ አንዳንድ ቀን ከምሳ በፊት ብቻ አሥር ጊዜ። ሁሩታን ግን አይቻት አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ሻሸመኔ ልሄድ ከአዲሱ መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ። ከጎኔ የተቀመጠው ጎረምሳ ሻንጣ የለው፣ ሂሳብ አያወጣ፣ ዓይኑ ከረዳቱ አይነቀል። ወዲያው አወቅኩት፤ የሙያ ልጄ ነው።

እኔ በሱ ዕድሜ ሳለሁ ከተማችን አዳማ ናዝሬት ነበር የምትባለው። ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው ሁሉ ያኔ ጋሪና አቧራ ነበር፤ የግንቦቱ ፀሐይ ደግሞ የሻጮቹን ብርቱካን ከነልጣጩ ይቀቅለዋል። ባዶ መኪና ውስጥ ሰው አይገባም። ስለዚህ እኛ ሥራ ፈቶቹ ረዳቱ ለሚሰጠን የሻይና የፓስቲ ሳንቲም ብለን ተሳፋሪ መስለን እንቀመጣለን፤ እውነተኛው ሰው ሲመጣ አንድ በአንድ ሹልክ እንላለን። እኔማ «ኧረ ሹፌር፣ እንሂድ እንጂ!» ብዬ ስጮህ ሹፌሩ ራሱ አምኖኝ ሞተር ያስነሳ ነበር።

አንድ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ልብስ ሰፊው ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ እየሮጡ መጡ። የመናኸሪያው በር ላይ ሊነሳ የተቃረበ ሌላ የሁሩታ መኪና ነበር፤ አንድ እግራቸውን አስገብተዋል። እኔን በመስኮት ሲያዩ እግራቸውን መለሱና ወደኛ መጡ።

«እናቴ ማረፏን ሰምተህ ነው? ለቀብሯ ልትሄድልኝ?»

«አዎ፣ ጋሽ ሰይድ» አልኩ።

«ከሰፈር ሁሉ ቀድመህ የደረስክልኝ አንተ! የእናትህን ዕድሜ ያርዝምልህ። ቀብሩ ከቀትሩ ሶላት ከዙህር በኋላ ነው፤ እንደርሳለን አይደል?»

«አንድ ሰው ነው የቀረን» አልኩ። ከተቀመጥነው አምስታችን የውሸት ነበርን።

ሰው ቀስ በቀስ ገባ፤ ባልደረቦቼ ወረዱ። ረዳቱ እኔ ላይ አፈጠጠ። «ጋሽ ሰይድ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፤ መጣሁ» ብዬ ወረድኩና ከአንድ አውቶቡስ ጎማ ኋላ ተቀመጥኩ። መኪናው ሞላ። አንድ ወንበር ብቻ ቀረ፤ የእኔ። ጋሽ ሰይድ ኮታቸውን አንጥፈውበታል።

«አባባ፣ ኮቱን ያንሱ፣ ሰው ይቀመጥ!» አለ ረዳቱ።

«የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ አሞት ነው የወረደው። ለእናቴ ቀብር የወጣ ልጅ ትቼማ አልሄድም!»

«ኧረ አይመጣም!»

«አንተ በምን አወቅህ?»

ረዳቱ እውነቱን ቢናገር ያታለለው መኪና ሙሉ ሰው ይሰማል። ተሳፋሪው ጮኸ፣ ሹፌሩ ጥሩንባውን አንባረቀ፤ ጋሽ ሰይድ ንቅንቅ አላሉም። መኪናው በግድ ሲነሳ አምስት ሰዓት አልፏል። አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው እስከ መታጠፊያው ድረስ ሲፈልጉኝ ከጎማው ኋላ ሆኜ አየኋቸው።

የእስላም ቀብር ደግሞ ሰው አይጠብቅም። እሳቸው ሲደርሱ ከእናታቸው የቀረው ትኩስ አፈር ነበር።

በአራተኛው ቀን በራችን ተንኳኳ። ጋሽ ሰይድ ሊያንቁኝ ነው ብዬ ግድግዳ ተደግፌ ጠበቅኩ።

«ሆድህ እንዴት ሆነ?» አሉና ከኪሳቸው በጨርቅ የተቋጠረ ፌጦ አወጡ። «ለሆድ ፍቱን ነው። እናቴ የዘራችው ነው፤ ከጓዳዋ ያገኘሁት ይቺን ነው።»

የሻሸመኔው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት ሲገቡ ጎረምሳው «መጣሁ፣ ፋዘር» ብሎኝ ወረደ። ልገሥጸው ነበር። በምን አፌ?

ጋሽ ሰይድ እውነቱን ሳልነግራቸው ሞቱ። በራችንን ባንኳኩበት ቀን ሆዴ ደህና ነበር። ፌጦውን ግን አመስግኜ ተቀብዬ፣ ፊታቸው ቆሜ በላሁት።