«ሲቆም» ያልኩት እኔ ነኝ
ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም ስንት ጊዜ ልናገር ብዬ ከደጃቸው ተመልሻለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ይሆን? ፈሪ ስለሆንኩ ነው።

የምሠራው እዚሁ ኮሎምበስ፣ ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ቀድሞ የቀለጠውን ብረት ሙቀት የሚለካው ሰው ነበር፤ ረጅም ዘንግ ይዞ፣ እሳቱ ፊቱን እየለበለበው። ከምንኖርበት ከሬይኖልድስበርግ በአንድ መኪና አብረውኝ ይመላለሱ የነበሩት ጋሽ ታደሰ ጉልበታቸውን የጨረሱት በዚያ ሥራ ነው። ይህን የሚሠራ ሮቦት ሲመጣ «እሰይ፣ ከእንግዲህ እሳቱን እሱ ይጋፈጠው» ብለው ከሁላችን በላይ የተደሰቱትም እሳቸው ናቸው።

ለሐበሾቹ ሥልጠናውን ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። በእንግሊዝኛዬ እኮራ ነበር። አሠልጣኙ ሮቦቱ ቀጥ ቢልም ተራውን እየጠበቀ ሊሆን እንደሚችል፣ ኃይሉ ካልጠፋ ማንም በዙሪያው የታጠረውን ሰንሰለት እንዳያልፍ አጥብቆ ተናገረ። እኔ ምን አልኩ? «ሲቆም መግባት ትችላላችሁ» አልኩ። ሲጠፋ ማለት ሲገባኝ፣ ሲቆም አልኩ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበርና አሳጠርኩት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሮቦቱ ቆመ። ጋሽ ታደሰ የተጋገረበትን ጥቀርሻ ሊጠርጉ ሰንሰለቱን አልፈው ገቡ። ሮቦቱ ተራው ደረሰና ክንዱን ዘረጋ። ቀኝ እጃቸውን አጠገቡ ካለው ምሰሶ ጋር አጣብቆ ሰባበረው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ወለምታ ብቻ ቢሆን ምናለ?

አለቆቹ ሲጠይቋቸውም ያስተረጎምኩት እኔው ነኝ። ጋሽ ታደሰ እጃቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ «ቆሞ ነበር እኮ። ሲቆም ግቡ ተብለናል» አሉ። ማን አላችሁ ቢሏቸውስ? ሥራዬስ? ወደ አለቃው ዞርኩና በእንግሊዝኛ «ደንቡን ረስቼው ነው ይላሉ» አልኩ። በእሳቸው አፍ እኔ ዋሸሁ። አለቃው ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ታደሰም እውነታቸው የደረሰ መስሏቸው አብረው ነቀነቁ።

ደንብ ጥሰዋል ተብለው ከሥራ ተባረሩ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ በግራ እጃቸው ትከሻዬን ይይዙና ለሰው ሁሉ «ያን ቀን የቆመልኝ ይሄ ልጅ ነው» ይላሉ። «የቆመልኝ» የምትለዋን ቃል በሰማሁ ቁጥር ሰበብ ፈጥሬ ከአጠገባቸው እርቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ልጃቸው ማርታ ኮል አደረገችልኝ። «ዳዲ እዚያ ሚቲንግ ላይ ኤግዛክትሊ ምንድን ነው ያለው?» አለችኝ። መልሼ እደውልልሻለሁ አልኳት። አልደወልኩም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ይቅርታ ልለምን? ጋሽ ታደሰ ይቅር እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ያንን ነው የምፈራው። እኔ አልቆምኩላቸውም። ከጎናቸው ቆሜ ሸጥኳቸው።