ለባሕር ዛፍ የገዛሁት መጋዝ

ደብረ ብርሃን ያለው ባለሱቅ መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን ልቆርጥበት እንደፈለግሁ ነበር። ባሕር ዛፍ አልኩት። ትንሿን የሞተር መጋዝ አነሳልኝ፤ ቀላል ናት፣ ቤንዚንም አትበላም። የእኔ ዓይን ግን ከትልቁ ላይ አልነሳ አለ። ግንድ ጥሎ ጣውላ የሚሰነጥቅ፣ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ የማይደክም፣ ብረቱ ክንድ ከስንዝር የሚሆን መጋዝ ነው። «ለባሕር ዛፍ ይሄ ይበዛል» አለኝ ሰውዬው። ማን ጠየቀህ በሚል ፊት ከፈልኩት።

ጎረቤላ ስደርስ እናቴ ከጓሮው ጽድ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ጽዱ አባቴ ሳይወለድም ትልቅ ዛፍ ነበር ይባላል፤ ሁለት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። እኔ በልቤ ለአዲሱ ቤቴ በርና መስኮት ካደረግሁት ቆይቻለሁ፤ ለእሷ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

መጋዙን ከማዳበሪያው አውጥቼ አሳየኋት። ሳትጠይቀኝ «ለባሕር ዛፉ ነው» አልኳት። የመጋዙን ብረት አየች፤ ከዚያ አጥራችን ዳር የቆሙትን ቀጫጭን ባሕር ዛፎች አየች። ቀጥሎ ቀና ብላ ጽዱን አየችው።

ብትቆጣ ደግ ነበር፤ መልሱን መንገድ ላይ ስሰድር ነው የመጣሁት። እሷ ግን ሰፌዷን ይዛ ተነሳችና ግቢው መሃል ሄዳ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ እዚያ ፀሐይ ይመታሻል» አልኳት።

«ተወኝ፣ ከአሁኑ ልልመደው» አለችኝ።