ቢጫው የጆሮ ቁጥር

ዛሬ ጠዋት አንድ አዛውንት ለገበሬ በግ የምናከፋፍልበት ቢሮዬ ገብተው ከፌስታል ውስጥ የበግ ጆሮ አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ቢጫው የፕላስቲክ መለያ ቁጥር ገና ከነደሙ ተሰክቶበታል። "ልትሞት ስትል አረድኳት፣ ልጄ" አሉኝ።

የደሙ ሽታ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ወዳለው የልጅነቴ ግቢ መለሰኝ።

የተሻሻለች ዝርያ ናት፣ ከድህነት ታወጣችኋለች ተብላ ለአያቴ የተሰጠችው በግ ታማ ነበር። የእንስሳት ባለሙያ ሳያያት ማረድ ክልክል ነው። ሲያስረክቡን "አለበለዚያ ታመመች እያላችሁ ትበሏታላችሁ" ተብለን ነበር። ወንድሜ ባለሙያውን ሊጠራ ወደ ከተማ ሮጠ። አያቴ ካራቸውን ስለው፣ በጓን ወደ ቂብላ አዙረው አስተኟትና አጠገቧ ተቀመጡ። ካራውን ያነሳሉ፣ መንገዱን ያያሉ፣ መልሰው ያስቀምጡታል።

"አባባ፣ ይረዷት እንጂ" አለች እናቴ።

"ጣቴን አትሜ ቃል ገብቻለሁ" አሏት።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ትንፋሿ ቆመ። ሳትታረድ ስለሞተች በክት ሆነች፣ ለእኛ ሐራም ናት። ከአረፋ ወዲህ ሥጋ ያልቀመስን ሰዎች ሙሉ በግ ጎትተን ለውሻ ጣልን። ለመሞቷ ማስረጃ እንዲሆን ቁጥሯ ያለበትን ጆሮዋን ብቻ ለባለሙያው ቆርጠን አስቀረን።

እሱም በማግስቱ መጣ። ጆሮውን ተረክቦ "ደንብ አክባሪ ነዎት" ብሎ አያቴን አመሰገናቸው። ከሄደ በኋላ አያቴ ደም ያልነካውን ካራ በጨርቅ እየጠቀለሉ "በግ ሰጡን እንጂ አላመኑንም" አሉ።

አዛውንቱ አሁንም ፊቴ ቆመዋል። ቅጹን ከመሳቢያ አወጣሁ።

"ባለሙያ ሳያያት ለምን አረዷት?" አልኳቸው።