ወፍራሙ ፊደልና የገዳሙ ታፔላ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የዓባይ ማዶው ታፔላ ቤት ባለቤት ጋሽ ሙሉጌታ ላሜራ፣ ብሩሽና ቀለም ሰጥተው «እስቲ ‹ጎማ እንጠግናለን› ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ችሎታዬን ላሳይ ብዬ ወፍራሙን ጌጠኛ ፊደል ጻፍኩ። ቋሚው ደንዳና፣ መታጠፊያው ቀጭን፣ ከእግሩ ሥር ሰፊ መቆሚያ፣ ጫፉ ላይ የተጠቀለለች ጌጥ። ጋሽ ሙሉጌታ ራቅ ብለው አዩት።

«ሰዎቹ ጎማ ነው የሚጠግኑ ወይስ ኬክ ነው የሚጋግሩ?»

ልብ ያለው ሰው እዚያው ይማር ነበር። እኔ ግን ፊደሉን ወድጄዋለሁ። ጭማቂ ቤት፣ የሙሽራ ልብስ ማከራያ፣ የሽርሽር ጀልባ ላይ ሲያርፍ ከመንገድ ማዶ ሰው ይጠራል። መድኃኒት ቤት ላይም ሞከርኩት፤ ባለቤቱ «በሽተኛ ነው የምጠብቅ፣ ሚዜ አይደለም» ብሎ መለሰው። ደግሞ ቃል ሲበዛበት ዓይን ያደክማል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እጄ ግን አይሰማም።

አንድ ቀን ከሐይቁ ገዳማት ከአንዱ አባ ወልደ ማርያም የሚባሉ በር ጠባቂ መጡ። ገዳማቸው ሴት አይገባበትም። ጀልባ በደረሰ ቁጥር ግን ሴቶቹ ጎብኚዎች ሳያውቁ ሽቅብ ይወጣሉ።

«ልጄ፣ አንድ ቀን እንኳ ዳዊቴን ሳላቋርጥ መድገም አቃተኝ» አሉኝ። «ጮህሁ፣ ጮህሁ፣ ድምፄ ተዘጋ። በእኔ ፈንታ የሚናገር ጻፊልኝ።»

«ለሴቶች ከዚህ ማለፍ ክልክል ነው» የሚለውን የምጽፈው እኔው ሴቷ መሆኔ ራሱ ያስቃል። ለገዳም ነው ብዬ ደግሞ ከወትሮው አብልጬ አስጌጥኩት። ቀይና ቢጫ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ጥላ።

ታፔላው በተሰቀለ በሳምንቱ አባ ድምፃቸው ይባስ ሰልሎ ተመለሱ።

«ምነው አባ፣ አያነቡትም እንዴ?»

«ማን ያነባል! ገና ከጀልባ ሲወርዱ ወደሱ ይሮጣሉ። ከበሩ ሥር ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። አንዷማ ‹ሰርግ አለ እንዴ?› አለችኝ። ድሮ በሩ ድረስ ሳይወጡ የሚመለሱም ነበሩ፤ አንቺ ሁሉንም ጠራሽብኝ!»

ጋሽ ሙሉጌታ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። እኔ አፈርኩ። ያፈርኩት ለሽማግሌው አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን ሰው በፊደሌ ፎቶ መነሣቱን ስሰማ ልቤ ሞቅ ብሎ ነበር።

አዲሱን በነጭ ላሜራ ላይ በጥቁር ጻፍኩት። ውፍረቱ እኩል፣ መቆሚያ የለው፣ ጌጥ የለው። ጫፍ ላይ በደረስኩ ቁጥር እጄ ሊጠመዘዝ ይላል፤ ጋሽ ሙሉጌታ ከኋላዬ ሆነው «እህም!» ይላሉ።

ታፔላው ከተሰቀለ በኋላ በጀልባ ሄጄ ላየው ወጣሁ። አስቀያሚ ነው ልል ተዘጋጅቻለሁ። ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ሽቅብ ስወጣ ቆይቼ ድንገት ቆምኩ። እነሱም ቆሙ፤ ከዚያ ቁልቁል ተመለሱ። ያነበብኩት ቃሉን ብቻ እንደሆነ፣ ፊደሉን ጨርሶ እንዳላየሁት የገባኝ ከቆምኩ በኋላ ነው። ቅር አለኝ። ከበሩ ወዲያ አባ ጥላ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ፤ ቀና እንኳ አላሉም። ሰላም ልበላቸው ብዬ አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

ጌጠኛ ወፍራም ፊደል ሰው ለሚጠራ ነገር ነው። ለሚመልስ ነገር አይሆንም።