የባላባቱ ትራክተር ጭስ

ነቀምት ውስጥ የናፍጣ ፖምፓ ፈትቶ መልሶ የሚገጥም ሰው ከእኔ ሌላ ባልነበረበት በጃንሆይ ዘመን፣ አንድ የጊዳ አያና ባላባት ላረጀ ትራክተራቸው ጉልበት እንድጨምርላቸው አስጠሩኝ። ደስ አለኝ። ልጃቸውን ለማግባት ሽማግሌ ልኬ፣ «እናያለን» ብለው አንጠልጥለውኝ ነበር።

ናፍጣ የሚረጩትን አፎች አጽድቼ፣ የሚረጩበትን ጊዜ አስተካክዬ አስነሳሁት። ዳገቱን ከነማረሻው ወጣው፤ ጭስ የሚባል የለውም። እኔ ኮራሁ፣ የባላባቱ ፊት ግን ጠቆረ። የጎረቤታቸው ትራክተር ከሩቅ የሚታይ ጥቁር ጭስ ነበረው። ያ ጭስ ሳይቃጠል የሚባክን ናፍጣ እንጂ ጉልበት እንዳልሆነ በትሕትና አስረዳኋቸው። እሳቸውም በትሕትና ሰሙኝ።

«ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉ ስጨርስ፣ «እንዲህ ትንፋሹን ውጦ የሚሠራን ሞተር ማን ያየዋል? ሽማግሌዎችህስ ሲመለሱ ምን አይቼ ነው እሺ የምላቸው?»

ነገሩ ገባኝ። የፋብሪካውን የእርሳስ ማኅተም ከፖምፓው ላይ ቆርጬ፣ የናፍጣውን ብሎን ደስ እስኪላቸው ድረስ አዞርኩት። ትራክተሩ እርጥብ ማገዶ እንደጎረሰ ምድጃ አጨሰ። ጎረቤትየው ማሳው ዳር ወጥቶ ቆሞ አየ፤ ባላባቱም ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ሳምንት ሳይሞላ እሺታቸው ደረሰኝ። ቅር አላለኝም፤ ልጅቱን እወዳት ነበር።

ሠርጉ አልፎ ክረምት ሲገባ፣ ሰው ሁሉ ለዘር ሲጣደፍ ከናፍጣው ብዛት ፒስቶኑ ቀለጠ። ይቆጡኛል ብዬ ስፈራ፣ አማቴ «ከጉልበት ብዛት ፈነዳ» እያሉ ለአገሩ ሁሉ ይኩራሩበታል። ሌላ ፒስቶን አስመጥተው፣ ጭሱ እንዳይቀንስ አደራ አሉኝ። አማች ደግሞ እምቢ አይልም። ጋራዤን ዘግቼ፣ አዲስ ሙሽራ ሆኜ፣ ያን ክረምት እሳቸው ግቢ ትራክተር ሥር ተጋድሜ ከረምኩ። እኔ እጠግናለሁ፣ እሱ ያጨሳል፣ እንደገና ይቀልጣል።

አንድ ቀን ባለቤቴ ምሳዬን ይዛ መጣች። ጥላሸቴን እየጠረግሁ ከሥር ስወጣ፣ ሳህኑን ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና ትራክተሩን ቆማ አየችው።

«አባኮ የዳሩልህ እሱን ነው» አለችኝ። «እኔ ምራቂ ነኝ።»

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ምሳዬን ትታልኝ ሄደች።